ከጊምሳ ቅብ እስከ ውሳኔ ዛፍ

የወሎዋ ኩታበር ደጋ ናት። በአገራችን ወባ በአብዛኛው የሚገኘው ከ2000 ሜትር በታች ስለሆነ፣ እዚያ ጤና ጣቢያ በትኩሳት የሚመጣ ሁሉ ወባ አለበት ማለት አይደለም፤ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ግን ደሙ ይታያል። ጠብታው ስላይድ ላይ ተቀብቶ ጊምሳ በተባለ ማቅለሚያ ይቀለማል፤ የላብራቶሪ ባለሙያውም በማይክሮስኮፕ ተውሳኩን ይፈልጋል። ይህን ዓይን የሚያግዙ የኮምፒውተር ዘዴዎች ሁሉ ውድ ማሽን አይሹም።

ለኮምፒውተር ምስል የቁጥር ሰንጠረዥ ነው፤ ግራጫ ከሆነ እያንዳንዱ ነጥብ ባብዛኛው ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ይይዛል። ጃፓናዊው ኦትሱ እ.ኤ.አ. በ1979 ያቀረበው ስሌት ጨለማውን ከብርሃኑ የሚለየውን ወሰን ራሱ ያገኛል። በዚህ የደም ሴሎቹ ከተነጠሉ በኋላ ስፋታቸው፣ ክብነታቸው፣ ቀለማቸውና ሸካራነታቸው ይለካል።

ልኬቱ ከተያዘ ፍርዱ ቀላል ነው። "የቅርብ ጎረቤት" የሚባለው ዘዴ አዲሱን ሴል አስቀድመው ከታወቁት ጋር አስተያይቶ በብዛት ለሚመስላቸው ወገን ይሰጠዋል። ሰፖርት ቬክተር ማሽን በሁለቱ ወገኖች መካከል ሰፊውን ክፍተት የሚተው ድንበር ያሰምራል። ውሳኔ ዛፍ ደግሞ "ስፋቱ ከዚህ ይበልጣል?" እያለ ይወርዳል። እኔ ለጤና ጣቢያ ዛፉን እመርጣለሁ፤ ሲሳሳት ባለሙያው የቱ ጥያቄ ላይ እንደሳተ ያያል። በብዙ ንብርብር የነርቭ መረብ የሚማረው ዲፕ ለርኒንግ ብዙ ምስል ሲያገኝ ብዙ ጊዜ ይበልጣቸዋል፣ ምክንያቱን ግን እንዲህ በግልጽ አያሳይም።

ከባዱ ነገር ዘዴው ሳይሆን ፕሮግራሙ የሚማርበት የምስል ስብስብ ነው። በሰፊው የሚጠቀሰው የአሜሪካ ብሔራዊ ጤና ተቋም የወባ ስብስብ 27,558 የሴል ምስሎች አሉት፤ የተወሰዱት ግን ባንግላዴሽ፣ ቺታጎንግ ውስጥ ከ150 ሕሙማንና ከ50 ጤነኞች ብቻ ነው። የአንዱ ሰው ሴሎች ለማስተማሪያም ለመፈተኛም ከዋሉ ውጤቱ ያለአግባብ ያምራል። ሕሙማኑም ፋልሲፓረም በተባለው የወባ ተውሳክ ዓይነት የተያዙ ናቸው፤ እኛ ዘንድ ቫይቫክስ የተባለውም ዓይነት በብዛት አለ።

ሌላው ጣጣ የበሽታው ማነስ ነው። ከ1000 ተመርማሪዎች 20ው ብቻ ወባ አለባቸው እንበል፤ ሕመምተኛውንም ጤነኛውንም ከመቶ 95 ጊዜ በትክክል የሚለይ ፕሮግራም 19ኙን ያገኛል፣ 49 ጤነኞችንም "ወባ አለባችሁ" ይላል። ስለዚህ ፕሮግራሙ የጠረጠራቸውን 68 ስላይዶች ሁሉ ባለሙያው መልሶ ማየት አለበት።