ጩኸቱ ምን ይላል? በሄቪ ሜታል ሙዚቃ ውስጥ ያለ ማኅበራዊ ትችት

‹‹ሄቪ ሜታል ምኑ ሙዚቃ ነው? ዝም ብሎ ጩኸት እኮ ነው!›› ሲባል በተደጋጋሚ እሰማለሁ። ‹‹የሰይጣን ሙዚቃ ነው›› የሚሉም አሉ። ጩኸት መሆኑን አልክድም። ሆኖም እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች እንደመሆናችን መጠን አንድ ነገር መጠየቅ ያለብን ይመስለኛል፤ የሚጮኸው ማን ነው? የሚጮኸውስ በማን ላይ ነው? በዚህች አጭር ጽሑፍ ሁለት ዘፈኖችን ወስጄ መልሱን ለማሳየት እሞክራለሁ።

የሄቪ ሜታል ጀማሪ ተብሎ በብዙዎች የሚጠቀሰው ብላክ ሳባዝ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ ነው። አራቱ አባላት እ.ኤ.አ. በ1968 በፋብሪካ ከተማዋ በበርሚንግሃም የተሰባሰቡ የሠራተኛ ቤተሰብ ልጆች ነበሩ። ጊታር ተጫዋቹ ቶኒ አዮሚ በ17 ዓመቱ በብረታ ብረት ፋብሪካ ሲሠራ ማሽን የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠበት። ግራኝ ስለሆነ የጊታሩን ክር የሚጫነው በዚያው እጁ ነው። እሱ ግን ተስፋ አልቆረጠም። ከቀለጠ ፕላስቲክ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፤ ስስ ክሮች ገጠመ፤ በኋላም ክሮቹን አላልቶ ድምፁን ዝቅ አደረገው። ያ ከባድ ድምፅ በከፊል የመጣው ከዚህ ነው። ስለዚህ ፋብሪካው ራሱ ሙዚቃው ውስጥ አለ ማለት ይቻላል።

ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ‹‹ፓራኖይድ›› አልበም የመጀመሪያው ዘፈን ‹‹ዎር ፒግስ›› ይባላል፤ ‹‹የጦርነት አሳማዎች›› እንደ ማለት ነው። ጊዜው የቬትናም ጦርነት ነበር። ግጥሙ ጄኔራሎችን ከጠንቋዮች ጋር ያመሳስላል። ፖለቲከኞች ጦርነቱን ጀምረው እነሱ ገለል ይላሉ፤ የሚሞተው ድሃው ነው። በመጨረሻ የፍርድ ቀን ይመጣና ጦረኞቹ ይንበረከካሉ። ልብ በሉ! እዚህ ሰይጣን የሚጠቀሰው ሊመለክ ሳይሆን ጦር አዝማቾቹን ለመኮነን ነው። ደግሞም ስንኞቹ ሲዘፈኑ ጊታሩ መታ አድርጎ ዝም ይላል፤ ኦዚ ኦዝቦርን ከከበሮው ጋር ብቻውን ይቀራል። ቃሉ እንዲሰማ ቦታ ተለቅቆለታል ማለት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌዬ ሜታሊካ የተባለው የአሜሪካ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣው ‹‹ዋን›› ነው። ሐሳቡ ዳልተን ትራምቦ እ.ኤ.አ. በ1939 ካሳተመው ልብ ወለድ ጋር የተያያዘ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እጁን፣ እግሩን፣ ዓይኑን፣ ጆሮውንና አንደበቱን ያጣ ወታደር ሆስፒታል ተኝቶ ያስባል። ዘፈኑ በለስላሳ ጊታር ይጀምርና ወደ መጨረሻው ከበሮው እንደ መትረየስ ይንጣጣል። መናገር የማይችል ሰው ጩኸት በሌላ በምን ሊገለጽ ይችላል?

እርግጥ ነው፣ ሄቪ ሜታል ሁሉ ማኅበራዊ ትችት አይደለም። ስለ መጠጥ፣ ስለ ሞተር ሳይክልና ስለ ጭራቅ ብቻ የሚያወራም ሞልቷል። እኔ የምለው ግን፣ ጠቅላላውን በአንድ ቃል ከመኮነን በፊት ግጥሙን ማንበብ ይቅደም ነው።

የቬትናም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1975 አበቃ። ብላክ ሳባዝ ግን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 5 ቀን 2025 በተወለዱበት በበርሚንግሃም የስንብት ኮንሰርታቸውን ሲያቀርቡ የከፈቱት በዚያው በ‹‹ዎር ፒግስ›› ነበር። ኦዚ ከ17 ቀናት በኋላ አረፈ። ከ55 ዓመት በኋላም ዘፈኑ አላረጀም፤ ምክንያቱም ዛሬም ጦርነት የሚያውጀው ሌላ፣ የሚሞተው ሌላ ነው። እስቲ አንድ ቀን ግጥሙን በእጃችሁ ይዛችሁ አድምጡት፤ ከዚያ እንከራከራለን።