«ነካ ነካ ለማድረግ ይሄ ሁሉ ብር?»

እኔ የምሠራው ሸዋ ሮቢት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስትጓዙ ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ሆናችሁ በብርድ ትንቀጠቀጣላችሁ። ደብረ ሲናን አልፋችሁ ቁልቁለቱን ስትጨርሱ ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ እኛ እንቀበላችኋለን። ያኔ ጋቢው ይወልቃል፣ የመኪናው መስኮት ይከፈታል። መንገደኛ የሚያውቀን በሙቀታችን፣ በማንጎአችንና በሽንኩርታችን ነው። «እዚያ ደግሞ የኮምፒውተር ሥራ አለ እንዴ?» የሚል አይጠፋም። አለ እንጂ! ኮምፒውተርና ሞባይል እጠግናለሁ፣ ሶፍትዌር እጭናለሁ፣ ለነጋዴው የሂሳብ መዝገብ በኤክሴል አዘጋጃለሁ፣ ሲመጣም የሠርግ ካርድ እጽፋለሁ።

በዚህ ሥራ ላይ ከትልቁም ከትንሹም አፍ የምሰማት አንዲት አባባል አለች፦ «ነካ ነካ ለማድረግ ይሄ ሁሉ ብር?» የምትባለው።

ቀልድ ትመስላለች። ነገር ግን ብዙ ጣጣ የምታመጣብን እሷ ናት። እኛ ዘንድ የማይታይ ነገር ዋጋ የለውማ! ሶፍትዌር አይታይም፣ እውቀት አይታይም፣ ጊዜም አይታይም። ለሦስቱም መክፈል ያመናል። ዕዳው ሲመጣ ግን «ምን ጉድ ነው የመጣብን?» እንላለን።

ብረቱ ይታያል፣ ነፍሱ አይታይም

አንድ ደንበኛዬ የሽንኩርት ነጋዴ ናቸው። ላፕቶፓቸው እየጋለ ሲያስቸግራቸው ይዘውልኝ መጡ። የቆላ ሙቀትና አቧራ ለኮምፒውተር ጠላት ነው፤ ማራገቢያው በአቧራ ሲደፈን ማሽኑ ራሱን ከመቃጠል ለማዳን ሥራውን ያዘገማል፣ ሲብስበትም ይጠፋል። (በነገራችን ላይ ላፕቶፕ ፍራሽና ብርድ ልብስ ላይ አታስቀምጡ። አየር ማስገቢያው ይታፈናል።) አሮጌውን ማራገቢያ አውጥቼ አዲስ ገጠምኩላቸው። አሮጌውን በእጃቸው ይዘው አገላብጠው አዩት። አንድ ቃል ሳይናገሩ ከፈሉ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ማሽን በቫይረስ ተበላሽቶ መጣ። ፋይላቸውን አንድ በአንድ ለቅሜ ለማዳንና ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ለመጫን ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ሂሳቡን ስነግራቸው «ልጄ፣ ምን አደረግክና?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ በእጃቸው ይዘው የሚያገላብጡት አሮጌ ዕቃ የለም። ጋሼ ቁጭ ብዬ ስነካካ ብቻ ነው ያዩኝ። መካኒክ ቢሆን ከመኪና ሥር በግሪስ ተለውሶ ስለሚወጣ ድካሙ በልብሱ ላይ ይታያል። የእኛ ድካም ልብስ አያቆሽሽም!

ቫይረሱስ ከየት መጣ? ከነፃው ሶፍትዌር! «ክራክ» የሚሉት ነገር ሲጫን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ «አንቲቫይረሱን አጥፋ» ይላል። ሌባ «ዘበኛውን አባርና ልግባ» ሲል እሺ ብሎ በር እንደመክፈት ነው። ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም፤ የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንደ መጽሐፍና እንደ ሙዚቃ ጥበቃ የተሰጠው ሥራ ነው። ይህን ስናገር ደንበኛ ይስቅብኛል። ይሳቅ። ገንዘብ ለሌለው ሰው እኮ በሕጋዊ መንገድ በነፃ የሚሰጥ አለ። ለቢሮ ጽሑፍና ለሂሳብ ሊብረኦፊስ አለ፣ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ስላቆመ፣ አሮጌ ማሽን ላለው ሰው ሊኑክስ ጥሩ መላ ነው።

«አጥፋውና እንደ አዲስ አድርገው»

ሌላው የማይታይ ሀብት ፋይል ነው። እሑድ እሑድ ሰንበቴ ገበያ የሚነግዱ አንድ አባት ዱቤ የሰጡትን ሁሉ ስልካቸው ላይ ነበር የሚመዘግቡት። የልጅ ልጅ በፓተርኑ ሲጫወት ስልኩ ተቆለፈ። አንድ ቦታ ወሰዱት፤ «ሶፍትዌር ይጫንበት» ተባለ፤ ተጫነበት። ስልኩ ተከፈተ። የዱቤው መዝገብ ግን የለም! ኋላ እኔ ዘንድ መጥተው «ዕቃው ደህና ነው፤ ወረቀቱ ብቻ ነው የጠፋው» አሉኝ። ምን ብዬ ልንገራቸው? ከዕቃው ይልቅ ወረቀቱ ነበር ውዱ። አርጎባውም፣ አፋሩም፣ ኦሮሞውም፣ አማራውም በሚገናኝበት በዚያ ገበያ ዱቤ የሚሰጠው በመተማመን ነው። ማን ምን ያህል እንዳለበት ካልታወቀ ገንዘብ ብቻ አይደለም የሚጠፋው፣ ሰውም ይቀያየማል።

የዕድር መተዳደሪያ ደንብ የያዘ አሮጌ ፋይልም ይመጣልኛል። በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈውን ስልክ ላይ ሲከፍቱት ፊደሉ የጠንቋይ ክታብ ይመስላል። «ተበላሽቷል፣ ጣለው» ይላሉ። አልተበላሸም! እነዚያ ፕሮግራሞች ፊደሉን በየራሳቸው አሰላለፍ ነበር የሚያስቀምጡት። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የጋራ አሰላለፍ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። አሮጌውን ወደ አዲሱ መቀየር ይቻላል፤ ግን እሱም ነካ ነካ ነው፣ እሱም ያስከፍላል።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ስልክ ከማስጠገናችሁ በፊት «ውስጡ ያለው ይጠፋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ዋና ዋናውን በሁለት ቦታ አስቀምጡ። «ኢንተርኔት ላይ አለ» ብላችሁም አትዘናጉ፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥና ለወራት ሳይመለስ ሲቀር የሠራው በፍላሽና በደብተር ያለው ነው። የቴሌብር የሚስጥር ቁጥራችሁን ደግሞ ለጠጋኝ አትንገሩ። ለእኔም ቢሆን!

የጌም ቤቱ ጉዳይ

አሁን ወደ ሌላው ልግባ። እናቶች ሱቄ ድረስ መጥተው «አንተ የዚህ ነገር አዋቂ ነህ፤ እባክህ ልጄን ከዚያ ቤት አውጣልኝ» ይሉኛል። «ያ ቤት» የሚሉት ጌም ቤቱን ነው።

እውነቱን ልናገር፣ እኔ ጌም እወዳለሁ። ሶኒ ፕሌይስቴሽን 2ን ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2000 ሲሆን፣ ከ150 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ ማሽን ነው። ሀብታም አገር ወደ ዕቃ ቤት የወረወረውን አሮጌ ማሽን የእኛ ልጆች ኳስ ሲያጫውቱበት አይቻለሁ። ብቻውን ክፍሉን ዘግቶ ከሚጫወት የውጭ ልጅ ይልቅ የእኛው ይሻላል ባይ ነኝ። ወረፋ ይጠብቃል፣ ተሸንፎ ይነሳል፣ ይስቃል፣ ይሳቅበታል። አባቶቻችንም ዛፍ ሥር ገበጣ ሲጫወቱ ውለዋል። አዲስ አበባ ያሉ ወጣቶች ደግሞ ጌም ወደ መሥራት ተሸጋግረዋል፤ ቅኔ ጌምስ የሠራው «ኩኩሉ» ላይ የምትሮጠው የእኛው አገር ዶሮ ናት!

ታዲያ ችግሩ የቱ ላይ ነው? «ተሸናፊ ይክፈል» የምትለው ሕግ ላይ ነው። ገንዘብ የገባ ዕለት ጨዋታነቱ ይቀራል። የተሸነፈው ለማስመለስ ይቀመጣል፣ እንደገና ይሸነፋል፣ ከቤት ሳንቲም ያነሳል። ያ ልጅ ነገ ቤቲንግ ቤት በር ላይ ቢገኝ አይገርመኝም።

ሱስ ነው ወይስ ፍቅር? የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር የጌም ሱስን አስገብቶታል። መለያው ሦስት ነው፦ ራስን መግታት ሲያቅት፣ ጌሙ ከሌላው ሕይወት ሁሉ ሲበልጥ፣ ጉዳት እያዩ መቀጠል ሲመጣ። ይህም አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ለ12 ወራት የታየ መሆን አለበት። እንግዲህ ልጁ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ስለተጫወተ «ታሟል» አይባልም። ትምህርቱን ትቶ፣ እንቅልፉን ትቶ፣ እየዋሸ ዓመት ከሆነው ግን ቁጣ አይበቃም፤ ባለሙያ ይየው።

እናቶቼ፣ ልጁን በጓደኞቹ ፊት ጆሮውን ይዛችሁ አትጎትቱት። ቤት አስቀምጡትና ወረቀትና እርሳስ አውጡ። በቀን 20 ብር ቢያወጣ በወር 600፣ በዓመት ከ7,000 በላይ ነው። የማይታየው ሲጻፍ ይታያል። ቀንና ሰዓት ተስማሙ። «በብር አትጫወት» የምትለዋን ግን አጥብቁ።

«ይሄ መነካካት እንጀራ ይሆናል?»

አንዲት እናት የነገሩኝን ልጨምር። ልጃቸው ከጌም ቤት አይወጣም ነበር። ቀስ ብዬ ሳጣራ ሲጫወት አይደለም የሚውለው፤ የተሰበረ ጆይስቲክ ይፈታል፣ የተበጠሰ ሽቦ ይበይዳል። ባለቤቱ በክፍያ ፈንታ ነፃ ጨዋታ ይሰጠዋል። ወደ እኔ አመጣሁት። እጁ የተባረከ ነው፣ ዓይኑም ፈጣን ነው።

እናቲቱ ግን ደስ አላላቸውም። ትልቁ ልጃቸው በአፋር አድርጎ ጅቡቲ፣ ከዚያ በጀልባ የመን፣ ከዚያም ሳውዲ ገብቷል። መንገዱ ላይ ያየውን በስልክ እንኳ መናገር አይወድም። የላከው ብር ግን ቆርቆሮ ሆኖ ቤታቸው ላይ ያበራል። እሳቸውም ጊደር ሸጠው ታናሹን በደላላ ሊልኩት አስበዋል። «ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። ይሄ መነካካት እንጀራ ይሆናል?» አሉኝ።

«እናቴ፣ ዛሬውኑ አይሆንም» አልኳቸው። «ሁለት ዓመት ይፈልጋል። ቆርቆሮም ቶሎ አያለብስም። ግን ልጁ ማታ ማታ ቤቱ ይገባል።» ከዚያ ቀን ጀምሮ በወር ሳይሆን በየዕቃው እከፍለዋለሁ፤ ብሩን በየማታው ለእናቱ ይሰጣል። በእጃቸው ይዘው እንዲቆጥሩት ብዬ ነው። ጊደሯ አልተሸጠችም። «እስከ ማሾው አዝመራ ልየው» ብለዋል። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚወስኑ እኔ አላውቅም፤ ውሳኔው የእናትና የልጅ ነው።

እኔ የማውቀው ይህን ነው። የዚያ ልጅ ዕጣ በእናቱ ብቻ አይወሰንም። ስልኩን አስጠግኖ «ነካ አድርገህ ነው እንጂ ምን ሠራህ?» ብሎ ግማሹን የሚከፍል ደንበኛም ይወስነዋል። የቀነሳችኋት ብር ተጠራቅማ ለጀልባው መሳፈሪያ ትሆናለች። ነካ ነካ የማድረጉ ዋጋ ሲከፈል አንድ ልጅ አገሩ ይቀመጣል፤ የሽንኩርት ነጋዴው መዝገብ ይድናል፣ የሰንበቴው ዱቤ አይጠፋም።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ዋጋውን ተነጋገሩ፣ ተከራከሩም፤ መከራከር የገበያ ወግ ነው። ጠጋኙም ምን እንደሠራ በወረቀት ጽፎ ያሳያችሁ፤ ይህን መጠየቅ መብታችሁ ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ ግን «ቁጭ ብለህ ነው የዋልከው» አትበሉ። ቁጭ ብሎ የሚሠራም ይርበዋል!