ማዳበሪያው የሚያቋርጠው በረሃ

ከጅቡቲ ወደብ በጋላፊ መስመር በመኪና የሚመጣው ማዳበሪያ ሚሌንና ገዋኔን አልፎ አዋሽ እስኪደርስ የአፋርን በረሃ ማቋረጥ አለበት። እስከ 1990 ዓ.ም. ዋናው በር አሰብ እንደነበር አንጋፋ ገበሬዎች ያስታውሳሉ።

ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ጎማ ይፈነዳል፣ ሞተር ይግላል፤ ግመሎች አስፋልቱን ሲሻገሩም ተሳቢውን ማቆም ግድ ነው። በገዋኔ አካባቢ ደግሞ ደረቁን መሬት እንዲያለማ ተብሎ የገባው ፕሮሶፒስ የተባለ እሾሃማ ዛፍ የአርብቶ አደሩን ግጦሽ ውጦታል። ማዳበሪያችን የሚያልፍበት አገር የራሱ ችግር እንዳለው መዘንጋት አይገባም።

እንግዲህ የማኅበር መሪዎች፣ ግንቦት ላይ የተጠየቀ ማዳበሪያ ለሰኔ ዘር አይደርስም፤ ግዥው፣ መርከቡና መኪናው ወራት ይፈጃሉ። የአባላትን ፍላጎት አዝመራው ሳይሰበሰብ መዝግቡ። ጭነቱ ሲደርስም ከረጢቱን በእጅ ዳስሱ፤ እርጥበት ስቦ የተጋገረውን ዩሪያ ከመፈረማችሁ በፊት ለይታችሁ አስቀምጡ።