ደባሉ ሲወጣ ኪራዩ የማን ነው?

ቶሮንቶ፣ ሴንት ጄምስ ታውን ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከተሠሩት ፎቆች በአንዱ፣ ባለ ሁለት መኝታ ቤት የተከራየ ሰው አንዱን ክፍል ለደባል ይሰጣል እንበል። ወሬው ቡና ላይ ያልቃል፦ በወር 900 ዶላር፣ ኢንተርኔትን ጨምሮ። የአገር ልጅን "ፈርም" ማለት ያሳፍራል። ከወራት በኋላ ደባሉ በ29ኛው ቀን "ነገ እወጣለሁ" ይላል።

የፎቁ አስተዳደር የሚያውቀው ሊዙ ላይ ያለውን ስም ብቻ ነው። ደባል ኖረ አልኖረ፣ ሙሉ ኪራዩን የሚጠይቀው ዋናውን ተከራይ ነው።

ደባሉስ? "አልፈረምኩም" ማለቱ አያድነውም። አገር ቤት አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ይሁን ስለሚል፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። ኦንታሪዮ ውስጥ ግን የቃል ስምምነትም ያስራል፤ በየወሩ የተላከው ኢ-ትራንስፈርና የስልክ መልእክት ማስረጃ ይሆናሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የት እንደሚከስ ነው። ዋናው ተከራይ እዚያው እየኖረ ክፍል ካካፈለ፣ ነገሩ በሕጉ ሰብሌት አይባልም። ሰብሌት የሚሆነው ራሱ ወጥቶ፣ በኋላ ሊመለስበት፣ በአከራዩ ፈቃድ ቤቱን ለሌላ ሲሰጥ ነው። ስለዚህ የደባል ጠብ በተለምዶ የአከራይና ተከራይ ቦርድ ሳይሆን የስሞል ክሌምስ ኮርት ጉዳይ ነው። ሁሉም የሚጠቅሰው የ60 ቀን ማስታወቂያም ለደባል በቀጥታ አይሠራም፤ የሚታየው የተስማሙበት ጊዜ ነው፣ ካልተስማሙም እንደ ሁኔታው ተገቢ የሆነ ጊዜ።

ዋናው ተከራይ ቢረታም የሚያገኘው የደረሰበትን ኪሳራ ብቻ ነው። ክፍሉን ዘግቶ፣ እጁን አጣጥፎ ኪራይ መቁጠር አይቻልም፤ ሌላ ሰው መፈለግ አለበት። ደባሉ የወሩን ሙሉ ኪራይ ዕዳ አለበት ብንል እንኳ፣ አዲስ ሰው በ16ኛው ቀን በ900 ዶላር ከገባ፣ የሚጠየቀው 450 ያህል ነው። ቀብድ ተይዞ ከነበረም ከዚያው ይታሰባል።

ለ450 ዶላር ደግሞ የክስ ማስከፈቻ መክፈልና ከሥራ መቅረት አለ። እኔ ብሆን መጀመሪያ ሁለቱን የሚያውቅ ሽማግሌ እልክ ነበር። ክስ የሚያስብ ግን ደባሉ ሻንጣውን ሳይዘጋ አዲሱን አድራሻ ይቀበለው፤ ካልጋሪ ገብቶ ስልኩን ከቀየረ ክሱን የሚያደርሱለት የት ነው?