ከሃኖይ እስከ ሜኮንግ፦ የቬትናምን ማዕድ በተራው መቅመስ

ቬትናም ከሰሜን ጫፏ እስከ ደቡብ ጫፏ 1,650 ኪሎ ሜትር ያህል ትረዝማለች፤ በጠባቡ ወገቧ ግን ከባሕሩ እስከ ላኦስ ድንበር ያለው ርቀት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ይህን ያህል ረዥም አገር አንድ ዓይነት ወጥ ቤት ሊኖረው አይችልም። ሰሜኑ ካፖርት የሚያስለብሱ ብርዳማ ወራት አሉት፤ ደቡቡ ዓመቱን ሙሉ ይሞቃል። ሰሜኑ አንድ ሺህ ዓመት ያህል በቻይና አገዛዝ ሥር ኖሯል፤ መካከለኛው ክፍል የቻምፓ መንግሥት፣ ደቡቡ ደግሞ የክመር ሕዝብ ምድር ነበር። ቬትናሞች ከቀይ ወንዝ ሸለቆ ተነሥተው በብዙ ክፍለ ዘመናት ውስጥ ወደ ደቡብ እየሰፈሩ ሲሄዱ ምግባቸውም እንደደረሱበት አፈር፣ አየርና ጎረቤት ተለወጠ። ስለዚህ አገሪቱን በምግቧ ሊያውቃት የሚሻ መንገደኛ ከሃኖይ ተነሥቶ በየብስ ወደ ደቡብ ቢወርድ፣ በየደረሰበትም የዚያን ሥፍራ ምግብ ብቻ ቢበላ ይበጀዋል። ቅደም ተከተሉ ራሱ ያስተምራል። ያንኑ ምግብ ያለ ተራው የበላ ሰው ጣዕሙን ያገኛል፤ ምክንያቱን ግን አያገኝም።

ለዚህ መንገድ ሁለት ሳምንት ይበቃል፦ ለሃኖይ 4 ቀን፣ ለሁዌ 3፣ ለሆይ አን 3፣ ለሳይጎን 2፣ ለሜኮንግ ወንዝ ምድር 2። ሃኖይንና ሳይጎንን የሚያገናኘው የባቡር ሐዲድ 1,726 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ እ.ኤ.አ. በ1936 ተጠናቅቆ፣ በጦርነት ተቆራርጦ፣ አገሪቱ ከተዋሐደች በኋላ በ1976 እንደገና ተከፍቷል። መንገዱን በአንድ ጉዞ ለመጨረስ ከ30 ሰዓት በላይ ያስፈልጋል፤ ከሃኖይ ሁዌ ግን አንድ ሌሊት ተኝቶ መድረስ ይቻላል። ለወቅት ከየካቲት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ በጥቅምትና በኅዳር ሁዌንና ሆይ አንን ጎርፍ ያሰጋቸዋል። ቴት የሚባለው የጨረቃ አዲስ ዓመት የሚውለው ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ባለው ጊዜ ነው፤ በእነዚያ ቀናት ብዙ ምግብ ቤቶች ስለሚዘጉ ለምግብ ብሎ የሚሄድ ሰው ሊርቃቸው ይገባል።

ጉዞው በሃኖይ የሚጀመረው የሰሜኑ ማዕድ ቁጥብ ስለሆነ ነው። ስኳርም ቃሪያም አያበዛም፤ የሚመካው በመረቁ ጥራት ነው። ፎ የተባለው የኑድል ሾርባ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ በሃኖይና በናም ዲን አካባቢ እንደተጀመረ ይነገራል። በዚያ ዘመን በሬ የእርሻ ጉልበት ነበር፤ የበሬ ሥጋ የለመዱት ፈረንሳውያን ቅኝ ገዥዎች ሲመጡ እርዱ ተስፋፋ፣ ከእርዱ የተረፈው አጥንትም የመረቅ መሠረት ሆነ። አጥንቱ ለረጅም ሰዓት በዝግታ ይቀቀላል፤ በእሳት የተለበለበ ዝንጅብልና ሽንኩርት፣ ቀረፋና ኮከብ መሰሉ አኒስ ይገቡበታል። የሃኖይ ሰው በዚህ ላይ ጥቂት የሽንኩርት ቅጠል አድርጎ፣ ሎሚ ወይም ነጭ ሽንኩርት የተዘፈዘፈበት ኮምጣጤ ጠብ አድርጎ ይበላል። ቻ ካ ደግሞ በእርድ የተለወሰ ዓሣ ነው፤ ገበታው ላይ በመጥበሻ እየተጠበሰ ብዙ እንስላል ይነሰነስበታል። በከሰል የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ ከቀጭን የሩዝ ኑድል ጋር የሚቀርብበት ቡን ቻ የምሳ ምግብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኦባማ ከምግብና ጉዞ ፕሮግራም አቅራቢው ከአንቶኒ ቦርዴን ጋር በሃኖይ ተቀምጠው የበሉት እሱን ነበር። የእንቁላል ቡናም የዚህች ከተማ ነው፤ በ1946 ወተት በጠፋበት ወቅት ንዌን ቫን ዣንግ የተባለ የሆቴል ባለሙያ የእንቁላል አስኳል ከስኳር ጋር መትቶ ቡናው ላይ በማድረግ ፈለሰፈው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ባለው ላይ ተጠንቅቆ መሥራት ይታያል። ቀጥሎ የሚመጣው የሚለካውም በዚህ ነው።

ሁዌ ከ1802 እስከ 1945 የንዌን ሥርወ መንግሥት መናገሻ ነበረች፤ ሁለት ወጥ ቤቶችም ጎን ለጎን ኖረውባታል። የቤተ መንግሥቱ ወጥ ቤት መጠኑ ትንሽ፣ ዓይነቱ ብዙ፣ አቀራረቡ የተዋበ ምግብ አስለመደ። ባን ቤዎ ለዚህ ይጠቀሳል፦ በትንንሽ ስኒ ማስቀመጫዎች ላይ በእንፋሎት የበሰለ ስስ የሩዝ ሊጥ ሲሆን ከላዩ የደረቀ ሽሪምፕ ይነሰነስበታል። የድኻው ወጥ ቤት ደግሞ ከም ሄን የሚባለውን ወለደ፤ የቀዘቀዘ ሩዝ ከወንዝ ከሚለቀሙ ደቃቅ የዛጎል ሥጋዎች፣ ከቅጠላ ቅጠል፣ ከለውዝና ከሚያቃጥል ቃሪያ ጋር ተደባልቆ ይበላል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ኃይለኛ ቅመም ነው። በዚህ አካባቢ ተራራውና ባሕሩ መሬቱን አጣብበውታል፣ ማዕበልና ጎርፍም ይመላለስበታል፤ ብዙዎች የቅመሙን ብርታት በዚህ ችግር ያስረዳሉ፤ ጥቂት ወጥ ብዙ ሩዝ እንዲያስበላ ጠንከር ማለት አለበትና። ቡን ቦ ሁዌ የተባለውን ሾርባ ከሃኖይ ቀጥሎ የሚቀምስ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ይረዳል። የበሬ አጥንት መረቅና የሩዝ ኑድል መሆኑ ከፎ ጋር ያመሳስለዋል፤ ነገር ግን ጠጅ ሣር፣ የተብላላ የሽሪምፕ ድልህና ቀይ የቃሪያ ዘይት ገብተውበት ሌላ ምግብ ሆኗል።

ከሁዌ ወደ ደቡብ የሚሄደው ባቡር በሃይ ቫን ተራራ ሥር ባሕሩን ይዞ ያልፋል። ተራራው የሰሜኑን ቀዝቃዛ ነፋስ ስለሚገታ ከወዲያ ማዶ አየሩ ይለወጣል። እዚያ ያለችው ሆይ አን ለዘመናት የጃፓንና የቻይና ነጋዴዎች መርከብ የሚያቆሙባት ወደብ ነበረች፤ ዩኔስኮም በ1999 በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። ምግቧ የወደብ ታሪክ አለው። ካዎ ላው ወፍራምና ጠንከር ያለ ኑድል ነው፤ ሩዙ የሚዘፈዘፈው በአመድ ውኃ ሲሆን በከተማው ባህል ለዚህ የሚመረጠው ባ ሌ ከሚባለው ጥንታዊ ጉድጓድ የሚቀዳው ነው። መረቁ ጥቂት ነው፤ ላዩ ላይ የአሳማ ሥጋ፣ ከአቅራቢያው የትራ ኬ መንደር የተለቀመ ቅጠልና የተጠበሰ ቁርጥራጭ ሊጥ ይደረጋል። ጎረቤቱ ሚ ኳንግ ደግሞ በእርድ ቢጫ የሆነ ኑድል ሲሆን በለውዝና በሩዝ ቂጣ ስብርባሪ ይበላል። እነዚህ ከአካባቢያቸው ሲርቁ ብዙ የሚጎድላቸው ምግቦች ስለሆኑ፣ በቦታው መብላት ይሻላል የሚለውን ሐሳብ ከሁሉ በላይ የሚደግፉት እነሱ ናቸው።

ደቡቡ የጥጋብ ምድር ነው። የሜኮንግ ደለል ከአገሪቱ የሩዝ ምርት ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ይሰጣል፤ ኮኮናት፣ ሸንኮራ አገዳና ፍራፍሬም ሞልቶታል፤ ስለዚህ ማዕዱ ወደ ጣፋጭነትና ወደ ለምለም ቅጠል ያደላል። በሳይጎን፣ በዛሬው ስሟ ሆ ቺ ሚን ከተማ፣ ከም ታም የሚባለው የተሰበረ ሩዝ ከወፍጮ የሚተርፍ የድኻ ምግብ ነበር፤ ዛሬ የከተማዋ መታወቂያ ሆኗል። ሁ ቲዩ የተባለው ሾርባ ከቻይናውያንና ከፕኖም ፔን መጣ፤ ባን ሚ የተባለው ሳንድዊች የፈረንሳይን ዳቦ ይዞ የቬትናም ሆነ። በሜኮንግ ምድር፣ በካን ቶ ከተማ አካባቢ፣ ባን ሴዮ የተባለው ቂጣ ከሩዝ ዱቄት፣ ከእርድና ከኮኮናት ወተት ይጋገራል፤ እንጀራ ለለመደ እጅም አያስቸግርም፤ ተቆርሶ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ፣ ተጠቅሶ ይበላልና። የሚጠቀሰው ከዓሣ በሚጠመቀው ኑክ ማም ነው። ፉ ኩዎክ በተባለችው ደሴት ሦስት እጅ ትንንሽ ዓሣ ከአንድ እጅ ጨው ጋር በእንጨት በርሜል ለአንድ ዓመት ያህል ይቆያል፤ የአውሮፓ ኅብረት የዚህን ምርት የትውልድ ስም በ2012 በሕግ ጠብቆለታል። ኢትዮጵያዊ አንባቢ በቡናው ጉዳይ መዘጋጀት ይኖርበታል። ቬትናም ከብራዚል ቀጥላ የዓለም ሁለተኛ ቡና አምራች ናት፤ አብዛኛው ምርቷ ግን የእኛው አረቢካ ሳይሆን ሮቡስታ ነው። ካፌይኑ እጥፍ ያህል ነው፣ መራራነቱም ይበረታል፤ በቆርቆሮ የታሸገ ጣፋጭ ወተትና በረዶ የሚጨመርበት ለዚህ ነው። በሲዳማ ወይም በይርጋ ጨፌ ሚዛን ከተመዘነ ይወድቃል፤ በራሱ አገር ሙቀት ሲጠጣ ግን ምክንያቱ ይገባል።

በተራው መብላት በሚለው ሐሳብ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ ሳይጎን ውስጥ ሁሉም ይገኛል፣ ታዲያ ይህ ሁሉ መንገድ ለምን የሚል ነው። እውነት ነው፣ ይገኛል። አገሪቱ በ1954 ለሁለት ስትከፈል ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰሜናዊ ሕዝብ ፎን ይዞ ወደ ደቡብ ተሰዷል። ነገር ግን ፎ እዚያ እንደነበረ አልቆየም፤ መረቁ ጣፈጠ፣ የማሾ ቡቃያ፣ በሶብላና ጣፋጭ ድልህ ታከሉበት። ይህ ለውጥ የስደተኞቹ ታሪክ ነው፤ የሚታየውም የሃኖይን አስቀድሞ ለቀመሰ ብቻ ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ ሰሜን ቁጥብ፣ መካከል ቃጠሎ፣ ደቡብ ስኳር የሚለው ክፍፍል አገሩን ያቀለዋል። ሃይ ፎንግ የሰሜን ከተማ ሆና ሳለ በሚያቃጥል ቀጭን ዳቦዋ ትታወቃለች፤ በሰሜን ተራሮች የሚኖሩት የህሞንግና የታይ ሕዝቦች ማዕድ ደግሞ ከሦስቱም አይደለም። ይህን መቀበል ያስፈልጋል። ቢሆንም መንገደኛው ክፍፍሉን እንደ መነሻ ከያዘው የሚጥሱትን ምግቦች ለይቶ ያውቃቸዋል፤ መነሻ የሌለው ሰው ግን ሁሉም እኩል እንግዳ ይሆንበታል።

ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ ደግሞ የአሳማ ሥጋና የጾም ጉዳይ አለ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአብዛኛው አሳማ አይበላም፤ ቡን ቻም፣ ካዎ ላውም፣ ከም ታምም በአሳማ የታወቁ ናቸው፤ ቡን ቦ ሁዌ ውስጥም አሳማ ብዙ ጊዜ ይገባል። ይሁን እንጂ መርሐ ግብሩ አይፈርስም። የበሬ ፎ፣ ቻ ካና የሆይ አን የዶሮ ሩዝ አሉ። ቬትናማውያን ቡድሂስቶች በጨረቃ ወር 1ኛና 15ኛ ቀን ከሥጋ ስለሚታቀቡ «ቻይ» የተባለ የጾም ምግብ በየከተማው አለ፤ በሁዌ በተለይ የረቀቀ ጥበብ ሆኗል። ዓሣ የማይበላ ጿሚ ግን «ቻይ» ተብሎ ከተጻፈበት ውጭ ባለ ምግብ ሁሉ ኑክ ማም እንዳለ ይቁጠር። ለሙስሊሙ በሳይጎን ሐላል ምግብ ቤቶች አሉ፤ በአን ዣንግ የሚኖሩት የቻም ሙስሊሞችም የራሳቸው ማዕድ አላቸው። ስለ ንጽሕና የሚሰጋ ሰው አንድ ምግብ ብቻ ለዓመታት የሚሠሩትንና ደንበኛ የሚበዛባቸውን ቤቶች ይምረጥ፤ የሚንተከተክ መረቅ ከጥሬ ቅጠልና ምንጩ ካልታወቀ በረዶ ይልቅ ያስተማምናል።

ሁለት ሳምንት የሌለው ሰውስ? ከሰሜን እስከ ደቡብ እየሮጠ ከሁሉም ጥቂት ጥቂት ከመቅመስ ይልቅ ሁዌንና ሆይ አንን ብቻ ቢይዝ ይሻለዋል፤ በሁለት ጎረቤት ከተሞች መካከል አንድ ተራራ ምን ያህል ማዕድ እንደሚለውጥ በአንድ ሳምንት ይማራል። የምግብ ጉዞ የሚመዘነው በተበላው ሳህን ብዛት አይደለም። አንድ ሰው ከበላው ውስጥ ምን ያህሉን ለምን እንዲህ እንደሆነ ማስረዳት ከቻለ፣ ያንን ያህል አገሩን አውቋል።