«አሉ»፣ «ተብዬ» እና «ካደ»፦ አማርኛ ስለ ቅዱሳት ቅርሶች ጥርጣሬና ስለ ሃይማኖት ለውጥ እንዴት ይናገራል?

መግቢያ

ይህ አጭር ጽሑፍ ሁለት የሚዛመዱ ጥያቄዎችን ያነሣል። የመጀመሪያው፣ አንድ የአማርኛ ተናጋሪ ስለ አንድ ቅዱስ ቅርስ እውነተኛነት ሲናገር ለንግግሩ ምን ያህል ኃላፊነት እንደሚወስድ በምን ይታወቃል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ከአንድ ሃይማኖት ወደ ሌላ የተሻገረ ሰው ጉዞውን የሚገልጽበት ግስ ራሱ እንዴት ፍርድ ተሸክሞ ይመጣል የሚል ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው «አመነ» እና «ካደ» የተባሉት ግሶች ናቸው። «አመነ» ሃይማኖትንም፣ ለተነገረ ነገር እውነት ነው ማለትንም፣ በችሎት ፊት ጥፋትን መቀበልንም ያመለክታል። ተቃራኒው «ካደ» እንዲሁ ፍሬ ነገርን መካድንም ሃይማኖትን መተውንም በአንድነት ይዟል። ስለዚህ «ይህ አጽም የእገሌ ጻድቅ መሆኑን አላምንም» የሚል ሰው ስለ አንድ ዕቃ ቢናገርም፣ ሰሚው ስለ ሰውዬው ነፍስ ሊሰማው ይችላል። የጉዳዩ ክብደት ከዚህ ይጀምራል።

1. ቅርሱን የሚሰይመው ሐረግ

አማርኛ የቅዱሳንን አጽም፣ ልብሳቸውንና የነኩትን ዕቃ ሁሉ የሚጠቀልል የዕለት ተዕለት ቃል የለውም። «ንዋየ ቅድሳት» በአብዛኛው የቤተ ክርስቲያን መገልገያዎችን ያመለክታል፤ የቀሩት «አጽም»፣ «ግማድ»፣ «ጽላት»፣ «ሰበን» እየተባሉ በየስማቸው ይጠራሉ። «ቅዱስ ቅርስ» የሚለውን እዚህ የምጠቀምበት ለሥራ ያህል ነው። ዣን ካልቪን በ1543 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ በአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት የሚታዩትን ቅርሶች በአንድነት ሰብስቦ ነቀፈ፤ የመስቀሉ ስባሪዎች ቢሰበሰቡ መርከብ ይሞላሉ ማለቱም ይታወቃል። በአማርኛ ግን ስሞቹ የተለያዩ በመሆናቸው፣ ጥርጣሬም ብዙ ጊዜ በአንድ በተለየ ነገር ላይ ያርፋል።

ስሞቹ ከተውላጠ ስም ምዕላድ ጋር ሲመጡ ደግሞ ሌላ ነገር ይከሰታል። በግሸን ደብረ ከርቤ መስከረም 21 ቀን የሚከበረውን በዓል እንውሰድ። ትውፊቱ እንደሚያስረዳው የመስቀሉ ክፋይ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በዐፄ ዳዊት ዘመን ሲሆን፣ በግሸን ያስቀመጡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። ክፋዩ «ግማደ መስቀሉ» ይባላል። ሐረጉ የግእዝ ዘርፍ አያያዝን ይዞ፣ በመጨረሻው ላይ የባለቤትነት ምዕላድ አለው፤ «የእርሱ መስቀል ክፋይ» ማለት ነው። ስለዚህ «ግማደ መስቀሉ ግሸን ነው» የሚለውም «ግማደ መስቀሉ ግሸን የለም» የሚለውም ሰው ክፋዩ በአንድ ስፍራ መኖሩን አስቀድሞ ተቀብሏል። አሉታው የሚነካው ቦታውን ብቻ ነው።

ተጠራጣሪው ከዚህ ለመውጣት ሁለት መንገዶች አሉት። አንደኛው «የሚባለው» ነው፦ «ግማደ መስቀሉ የሚባለው»። ሁለተኛው «ተብዬው» ነው። የመጀመሪያው ለስለስ ያለ ነው፤ «ግሸን የሚባለው አምባ» እንደሚባለው ስም ለመጥራት ብቻም ያገለግላልና ጥርጣሬው ላይሰማ ይችላል። ሁለተኛው ግን ንቀት አለበት፤ «ሐኪም ተብዬው» ሲባል ሰውዬው ሐኪም አይደለም ከማለት አልፎ ማዋረድ ነው። በሁለቱ መካከል፣ ሳይንቅ «አላረጋገጥሁም» የሚል ተናጋሪ የሚቆምበት ስፍራ ጠባብ ነው። ጋዜጠኞችና የታሪክ ጸሐፊዎች «ተብሎ ይታመናል» የሚለውን አዘውትረው የሚጠቀሙት ይህን ክፍተት ለመሙላት ይመስላል።

2. መኖርና መባል፦ የአንድ ፊደል ሁለት ንባብ

ወሬን ከምስክርነት የሚለየው ዋናው መሣሪያ በዓረፍተ ነገር መጨረሻ የሚመጣው «አሉ» ነው። የሚከተሉትን እናነጻጽር፦

(ሀ) ጽላቱ አክሱም ነው።
(ለ) ጽላቱ አክሱም ነው ይላሉ።
(ሐ) ጽላቱ አክሱም ነው ይባላል።
(መ) ጽላቱ አክሱም ነው አሉ።
(ሠ) ጽላቱ አክሱም ነው ተብሎ ይታመናል።

በ(ሀ) ተናጋሪው ኃላፊነቱን ይወስዳል። በ(ለ) ሌሎች ናቸው የሚሉት፤ ተናጋሪው ከእነርሱ ራሱን ያገለለ ሊመስል ይችላል። (ሐ) የቆየ ትውፊትን ያመለክታል። (መ) ወሬውን ያቀብላል፣ ምንጩን አይጠቅስም፤ ድምፁ ከተጎተተ ጥርጣሬ ይሆናል፣ ካልተጎተተ ተራ ዜና ነው። (ሠ) የማኅበረሰብን እምነት ይመዘግባል፣ የተናጋሪውን ግን ይሸሽጋል። በአክሱም ጽዮን ጉዳይ ይህ ልዩነት የበለጠ ይጠብቃል፤ በትውፊቱ መሠረት ጽላቱን የሚያየው ጠባቂው መነኩሴ ብቻ ነውና፣ (ሀ)ን በዐይን ምስክርነት ሊናገር የሚችለው አንድ ሰው ነው። ምእመኑ (ሀ)ን ሲናገር የሚመሰክረው እምነቱን ነው። ይህን እንደ ስሕተት ማየት የሰዋስውን ሥራ ከታሪክ ተመራማሪው ሥራ ጋር ማምታታት ነው።

«አሉ» ሦስት ወጥመዶች አሉት። አንደኛ፣ «ተናገሩ» የሚለው «አሉ» ላልቶ ሲነበብ፣ «ይኖራሉ» የሚለው «አሉ» ጠብቆ ይነበባል፤ ፊደላችን ግን መጥበቅንና መላላትን አይለይም። «በገዳሙ አጽሞች አሉ አሉ» በሚለው ዓረፍተ ነገር የመጀመሪያው መኖርን፣ ሁለተኛው መባልን ይናገራል፤ በጽሑፍ ግን አንድ ናቸው። ሁለተኛ፣ «አሉ» የአክብሮት ቅርጽም ነው፦ «ቄሱ ጽላቱ አክሱም ነው አሉ» የተወሰነ ሰው የተናገረውን ይጠቅሳል። ባለቤቱ ሲጎድል አክብሮት ይሁን ወሬ የሚለየው ዐውዱ ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ ተርጓሚው እንደ ትርፍ ቃል ሊጥለው ይችላል።

በዚህ የተሳሳትሁት እኔው ራሴ ነኝ። በመስክ ሥራዬ መጀመሪያ ላይ ከአንድ አዛውንት የቀዳሁትን ትረካ ስተረጉም፣ በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ የመጣውን «አሉ» «ካህናቱ ተናገሩ» ብዬ መለስሁት። ትርጉሙን መልሼ ሳነብላቸው፣ «ልጄ፣ እኔ የማንንም ካህን ስም አላነሣሁም፤ የሰማሁትን ነው የነገርሁህ» አሉኝ። ምንጭ የሌለውን ወሬ ምንጭ ሰጥቼው ነበር። አዛውንቱ ባያርሙኝ ኖሮ፣ ያልተናገሩ ካህናት በእኔ ጽሑፍ ምስክር ሆነው ይቀሩ ነበር።

በአካባቢያችን ሌሎች ቋንቋዎችም ተመሳሳይ መሣሪያ አላቸው፤ የትግርኛው «ይበሃል» እና የአፋን ኦሮሞው «ጄዸማ» ከ(ሐ) ጋር ይቀራረባሉ። የስዋሂሊው «ኤቲ» ግን ወሬንና ፌዝን በአንድነት ስለሚይዝ፣ «አሉ» እና «ተብዬ» የሚከፋፈሉትን ሥራ በከፊል ብቻውን ይሠራል።

3. የጥርጣሬ ደረጃ

በአማርኛ መጠርጠር ሁልጊዜ ነውር አይደለም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ምሳሌ በገበያም በጎረቤትም መካከል ጥንቃቄን ያወድሳል። በሃይማኖት ውስጥም ቢሆን የሐዋርያው ቶማስ ታሪክ አለ። ቶማስ የትንሣኤን ወሬ ከሌሎች ሰምቶ፣ ሳላይና ሳልዳስስ አላምንም ያለ ነው፤ በሰዋስው ቋንቋ ብንገልጸው «ተነሣ አሉ» የሚለውን ወደ «ተነሣ» ለመለወጥ ማስረጃ የጠየቀ ነው። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይኸው ቶማስ እመቤታችን ስታርግ አግኝቷት ሰበኗን ተቀበለ፤ ለሌሎቹ ሐዋርያት ዕርገቷን የገለጠውም በዚያ ሰበን ነው። በካህናት መስቀል ላይ የሚታሰረው ጨርቅ ከዚህ ትውፊት ጋር ይያያዛል። ማስረጃ የጠየቀው ሰው የቅርስ ተሸካሚ ሆኖ መታሰቡ፣ ጥርጣሬና እምነት በቋንቋችን ሁልጊዜ ጠላቶች እንዳልሆኑ ያሳያል።

በዘመናችን የማስረጃው ዓይነት ተለውጧል። የቱሪን መግነዝ በ1988 እ.ኤ.አ. በኦክስፎርድ፣ በዙሪክና በቱሳን ቤተ ሙከራዎች በራዲዮካርቦን ተመርምሮ ከ1260 እስከ 1390 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የተሠራ ነው ተብሏል። ይህን ውጤት በአማርኛ «የኢየሱስ መግነዝ በመካከለኛው ዘመን ተሠራ» ብሎ መጻፍ እርስ በርሱ ይጋጫል፤ ስሙ ያጸደቀውን ዐረፍተ ነገሩ ያፈርሰዋል። «የኢየሱስ ነው የሚባለው መግነዝ» ሲባል ግን ሁለቱም ወገን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሊከራከር ይችላል።

4. ከሃይማኖት ወደ ሃይማኖት

የጉዞው ግሶች አቅጣጫ አላቸው። ወደ እስልምና የሄደ «ሰለመ» ይባላል፤ ሙስሊሞች «ሸሃዳ ያዘ» ይላሉ። ወደ ክርስትና የመጣ «ተጠመቀ» ወይም «ክርስትና ተነሣ»፤ በወንጌላውያን ዘንድ «ጌታን ተቀበለ» ወይም «ዳነ» ይባላል። የስዋሂሊው «ኩሲሊሙ» እና «ኩኦኮካ» እንዲሁም ከ1930ዎቹ መነቃቃት ጋር የተያያዘው የሉጋንዳው «ባሎኮሌ» ከእነዚህ ጋር ይሰለፋሉ። ሁሉም የተቀባዩ ማኅበረሰብ ቃላት ናቸው። የተለየው ማኅበረሰብ ግን «ካደ» ወይም «ማተቡን በጠሰ» ይላል፤ «ባለ ማተብ» ታማኝ ማለት ነውና፣ ክሩን መበጠስ ሃይማኖትን ብቻ ሳይሆን ታማኝነትንም መጣል ይሆናል። «ከሃዲ» ለአገር ከዳተኛም መዋሉ ይህን ያጠናክረዋል።

ስለዚህ አንድን ጉዞ በአንድ ግስ መተረክ ወገን መያዝ ነው። በትውልድ የመናዊና ሙስሊም የነበሩት አባ ዕንባቆም ክርስትናን ተቀብለው፣ መንኩሰው፣ የደብረ ሊባኖስ እጨጌ እስከ መሆን ደረሱ፤ በ1540 እ.ኤ.አ. ገደማ ለኢማም አሕመድ የጻፉት «አንቀጸ አሚን» በሁለቱ ሃይማኖቶች መካከል ቆሞ የተጻፈ ክርክር ነው። ሼህ ዘካርያስ በ1910 እ.ኤ.አ. ተጠምቀው «ንዋየ ክርስቶስ» ተባሉ። ሂካ የተባለው የኦሮሞ ልጅ በ1872 እ.ኤ.አ. በምጽዋ ተጠምቆ ኦኔሲሞስ ነሲብ ሆነ፤ በኋላም መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተረጎመ፣ እርሱም በ1899 እ.ኤ.አ. ታተመ። እነዚህን በ«ተጠመቀ» የሚተርክ ደግሞ ትቶት የመጣውን ማኅበረሰብ ድምፅ አያሰማም። አንዲት ሴት ስለ ራሷ ጉዞ ስታጫውተኝ «ካድሽ» የሚለውን ቃል ባነሣሁ ጊዜ፣ «የካድሁት ነገር የለም፤ ሄድሁ እንጂ» ብላ አረመችኝ። የመረጠችው ግስ እምነትን የሚነካ አልነበረም፣ የእግር ግስ ነው።

ይህ ከቃላት ምርጫ ያለፈ ነው። በአውሮፓም ሆነ በሌላ ስፍራ የጥገኝነት ጠያቂ የሃይማኖት ለውጡን በአስተርጓሚ በኩል ሲያስረዳ፣ «ሄድሁ» «ካድሁ» ሆኖ ከተተረጎመ የቃሉ ተአማኒነት አደጋ ላይ ይወድቃል፤ «ይፈልጉኛል አሉ» ያለውም «ይፈልጉኛል» ተብሎ ከተጻፈ ያላየውን አየሁ እንዳለ ይቆጠርበታል።

መደምደሚያ

ለመስክ ጽሑፍ ሦስት ልማዶችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ «አሉ» በተቀዳበት ሁሉ ጠብቆ ወይም ላልቶ መነበቡ፣ ባለቤቱም ተጠቃሽ ሰው ይሁን ወሬ በግልጽ ይመልከት። ሁለተኛ፣ የቅርስ ስም ከተናጋሪው አፍ እንደ ወጣ ይቀዳ፤ ተመራማሪው በራሱ ድምፅ ሲጽፍ ግን «የሚባለው»ን ይጠቀም፣ «ተብዬ»ን ይተው። ሦስተኛ፣ የሃይማኖት ለውጥ ግስ ከባለ ጉዳዩ ይወሰድ፤ ሌሎች የሚጠቀሙበት ግስም ማን እንዳለው ተጠቅሶ ከጎኑ ይቀመጥ። ቅርሱ እውነተኛ መሆኑን መወሰን የእኛ ሥራ አይደለም፤ ተናጋሪው ያላለውን እንዳለ አድርገን እንዳንጽፍ መጠንቀቅ ግን ሥራችን ነው።