ከመኪናው አስቀድሞ ሻጩን

የዛሬ ወጣት የመኪና ምኞቱ ካለፈው ትውልድ ምኞት የተለየ ነው። አባቶቻችን ጥቁር መርሴዲስ ወይም ነጭ ፔጆ ሲያልፍ ቆመው ይመለከቱ ነበር። የዛሬው ተማሪና ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ግን በሻይ ሰዓት ስለ መኪና ወሬ ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠራው ኒሳን ስካይላይን ጂ ቲ አርን፣ ቶዮታ ሱፕራን፣ ማዝዳ አር ኤክስ 7ን ነው። ለዚህ ፍቅር ምክንያት ከሆኑት ነገሮች መካከል በ1997 የወጣው ግራን ቱሪስሞ የተባለው ጨዋታና ከ2001 ጀምሮ የታዩት የአሜሪካ የመኪና ፊልሞች ዋናዎቹ እንደ ሆኑ አይካድም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ አገራችን የሆነ እንደ ሆነ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ክልከላ ስለተደረገ፣ የአዲስ አበባው አፍቃሪ ፍቅሩ ከሻይ ቤት ጨዋታ እምብዛም አያልፍም። ደግሞም መሪው በቀኝ በኩል ነው። እኛ በግራ በኩል መንዳት ከተውን ከ1964 ጀምሮ ስንት ዘመን! ዳሩ ግን በዋሽንግተን አካባቢ፣ በአሌክሳንድርያና በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ወንድም ወይም የአክስት ልጅ የሌለው ቤተሰብ ጥቂት ነው። እዚያ ያለው ወጣት ሌሊት ታክሲ እየነዳ ቀን እየተማረ ካጠራቀመው ገንዘብ ላይ እንዲህ ያለውን መኪና ሊገዛ ሲነሣ፣ ምክር የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ እዚህ ያለውን ዘመዱን ነው። ገንዘቡም ለቤት ኪራይ፣ ለእናት መደጎሚያ፣ ለትምህርት ሊሆን የሚችል ገንዘብ ስለሆነ ነገሩ እንደ ቀልድ የሚታይ አይደለም።

መኪናዎቹ ለምን ይህን ያህል እንደ ተወደዱ በአጭሩ ልናገር። ኒሳን በ1989 ያወጣው አር 32 ስካይላይን ጂ ቲ አር ባለ 2.6 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደርና ባለ ሁለት ተርቦ ሞተር ያለው፣ በአራቱም ጎማ የሚጎተት ነበር። የጃፓን ፋብሪካዎች ከ280 የፈረስ ጉልበት በላይ ላለመጻፍ በመካከላቸው ተስማምተው ስለነበር ወረቀቱ ላይ የሰፈረው 280 ነው፤ ሞተሩ ግን ከዚያ በላይ መሸከም እንደሚችል ያላወቀ አልነበረም። ስምምነቱ እስከ 2004 ድረስ ቆየ። አር 33 በ1995፣ አር 34 በ1999 ተከተሉ፤ የመጨረሻው አር 34 በ2002 ከፋብሪካ ወጣ። ዛሬ አር 34 ጂ ቲ አር አሜሪካ ውስጥ ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ ሲሸጥ ይታያል። ገንዘብ በበዛበት ስፍራ ደግሞ አታላይም ይበዛል።

አሜሪካ እነዚህን መኪናዎች በአዲስነታቸው አላስገባቻቸውም። በ1988 የወጣው ሕግ ለአሜሪካ የደኅንነት ደንብ ያልተሠራ መኪና ከተሠራ ሃያ አምስት ዓመት ካልሞላው በቀር በተራ ሰው እንዳይገባ ይከለክላል። ለጭስ ደንብ ደግሞ ሞተሩ እንደ ጥንቱ ከሆነ ሃያ አንድ ዓመት ይበቃል። ሃያ አምስቱ ዓመት የሚቈጠረው ከሞዴሉ ዓመት ሳይሆን መኪናው ከተሠራበት ወር ጀምሮ ነው። ስለዚህ በሰኔ 2002 የተሠራ አር 34 እስከ ሰኔ 2027 ድረስ መግባት የለበትም። ሻጩ «ጥቂት ወር ነው የቀረው፣ ማን ያያል?» ካለ ወሬውን እዚያው ላይ ማቆም ይገባል። ጉምሩክ ካየ መኪናውን ይወርሳል፤ ከዚያም አልፎ በ2013 የመለያ ቍጥሩ የተለወጠ አንድ ላንድሮቨር ዲፌንደር በመጨፍለቂያ መኪና ሲደቀቅ ለሕዝብ አሳይቷል። በዚህ ጊዜ የሚያለቅሰው ገዢው ነው እንጂ ሻጩ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄዷል።

የሞቶሬክስ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ይህ በካሊፎርንያ የነበረ ኩባንያ በ2000 ዓመት አካባቢ ስካይላይኖችን በሕጋዊ መንገድ አስተካክሎ ለማስገባት ፈቃድ አግኝቶ ነበር። በመጀመሪያ ከ1990 እስከ 1999 የተሠሩት ሁሉ እንዲገቡ ተፈቀደ። ኋላ ግን ፈተናው የተደረገው በአር 33 ላይ እንደ ሆነና ለሌሎቹ እንደማይሆን ስለታወቀ ፈቃዱ ከ1996 እስከ 1998 ወደ ተሠሩት አር 33ዎች ብቻ ጠበበ። ደንቡ የሚጠይቀው ማሻሻያ ሳይደረግላቸው የተሸጡም መኪናዎች ተገኙ፤ ኩባንያውም ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ። እንግዲህ ፈቃድ ያለው፣ ስሙ በመጽሔት የሚጠራ፣ ሱቁ ያማረ ነጋዴ ሁሉ የታመነ ነው ማለት እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

የታመነውን ከሌላው የሚለየው ምንድን ነው? በእኔ አስተያየት ዋናው ወረቀትን ሳይሸሽግ ማሳየቱ ነው። ከጃፓን የሚወጣ አሮጌ መኪና ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከሐራጅ ነው። ከሐራጅ ቤቶቹ ትልቁ ዩ ኤስ ኤስ የሚባለው ሲሆን፣ የቶኪዮው ቅርንጫፉ በቺባ አውራጃ በኖዳ ከተማ በየሳምንቱ ሐሙስ ይሸጣል። መኪናው ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት የሐራጁ መርማሪ ዙሪያውን አይቶ አንድ ገጽ ወረቀት በእጁ ይሞላል። በወረቀቱ ራስ ላይ ማዕርግ ይሰጠዋል፤ 5 እጅግ ጥሩ፣ 4 ደኅና፣ 3 ብዙ ጕድለት ያለበት እያለ ይወርዳል። አር የሚል ፊደል ከተጻፈ መኪናው ተጋጭቶ አጥንቱ ተጠግኗል ማለት ነው። በወረቀቱ ግርጌ የመኪና ሥዕል አለ፤ በሥዕሉ ላይ ጭረት ባለበት ኤ፣ ስርጕደት ባለበት ዩ፣ ተጠግኖ ቀለም የተቀባበትን ዳብልዩ፣ ዝገት ባለበት ኤስ፣ ብረቱ በተበላበት ሲ እያለ ከ1 እስከ 3 ቍጥር ያስከትላል።

እዚህ ላይ አንባቢዬ አንድ ነገር ልብ ይበል። በጃፓን ደንብ «የጥገና ታሪክ» የሚባለው የመኪናው አጥንት፣ ማለት ሻንሲውና ምሰሶው፣ የተነካ እንደ ሆነ ነው። በብሎን የሚታሰር የፊት ፓራፋንጎ ወይም በር ተለውጦ ከሆነ አደጋ እንደ ደረሰበት አይቈጠርም። ስለዚህ «አደጋ የሌለበት» የሚለው ቃል በጃፓን አፍና በእኛ አፍ አንድ አይደለም። ይህን ሳይጠየቅ የሚያስረዳ ሻጭ ቢገኝ ስልኩን መዝግቦ መያዝ ነው።

አንዳንዱ ሻጭ የወረቀቱን ትርጉም በእንግሊዝኛ ጽፎ ይልክና ዋናውን ያስቀራል። ትርጉም ግን ሻጩ የወደደውን ብቻ ሊናገር ይችላል። ዋናው ፎቶግራፍ፣ ከሐራጁ ቀንና ተራ ቍጥር ጋር፣ መጠየቅ አለበት፤ ምክንያቱም ይህ ከተገኘ ሌላ ሰው፣ በጥቂት ገንዘብ የሐራጅ መዝገብ የሚያመሳክር፣ ወረቀቱ እውነተኛ መሆኑንና አለመሆኑን ሊያረጋግጥ ይችላልና። ሐሰተኛ የሐራጅ ወረቀት የሚሠሩ እንዳሉ የታወቀ ነው።

በቨርጂኒያ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ስድስት ዓመት ያጠራቀመውን ይዞ አር 33 ለመግዛት በተነሣ ጊዜ በአንድ ቀን ለሁለት ነጋዴዎች ደውሎ ነበር። የመጀመሪያው፣ «ወንድሜ፣ መኪናው እንደ እንቁላል ንጹሕ ነው፤ ሌላ ሰው ዛሬ ማታ ሊወስደው ነው፤ ቀብዱን አሁን ላክ» አለው። ወረቀቱን ሲጠይቀው «ጃፓን ቀርቷል» አለ። ሁለተኛው ስለ ገንዘብ ከመናገሩ በፊት የወረቀቱን ፎቶግራፍ ላከለት፤ ቀጥሎም፣ «ይህ ማዕርጉ አር ነው፤ ከኋላ ተመትቶ ተጠግኗል። ለመንዳት ከሆነ ዋጋው በዚያው ልክ ዝቅ ብሏል፤ ኋላ ልሸጠው ካልክ ግን አትግዛው፣ ታገሥ» አለው። የአክስቴ ልጅ ይህን ሲነግረኝ በመደነቅ ነበር፤ ሸቀጡን የሚነቅፍ ነጋዴ አይቶ አያውቅምና።

የኪሎ ሜትሩ ነገር ብቻውን አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል። ጃፓን ውስጥ አዲስ የቤት መኪና በሦስተኛው ዓመት፣ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ ሻከን በሚባል ምርመራ ያልፋል፤ እኛ ለቦሎ የምናደርገውን የመሰለ፣ ግን እጅግ የጠበቀና ገንዘብ የሚያስወጣ ነው። መኪናው ከአገር ሲወጣ የሚሰጠው የመውጫ የምስክር ወረቀት የሻንሲውን ቍጥር፣ መጀመሪያ የተመዘገበበትን ወርና በቅርቡ ምርመራ የተነበበውን ኪሎ ሜትር ይይዛል። ይህ ቍጥር አንድ መቶ ሠላሳ ሺህ እያለ መኪናው ላይ ሰባ ሺህ ቢነበብ ሌላ ማስረጃ አያሻም። ደግሞ በጂ ቲ አር ላይ አንድ ልዩ ችግር አለ። የፋብሪካው ፍጥነት መቍጠሪያ በ180 ስለሚያበቃ ብዙ ባለቤቶች አውጥተው ኒስሞ የሚያወጣውን እስከ 300ና 320 የሚያነብ ቍጥር ሰጪ ተክለዋል፤ አዲሱም ከዜሮ ይጀምራል። ይህ ራሱ ማታለል አይደለም። ማታለል የሚሆነው ሻጩ የተተከለበትን ቀን ሳይናገር አዲሱን ቍጥር እንደ እውነተኛ አድርጎ ሲሸጥ ነው።

ያንኑ የምስክር ወረቀት ስናነብ የተመዘገበበት ወርና የተሠራበት ወር አንድ እንዳልሆኑ አንርሳ። መኪና ተሠርቶ ነው የሚመዘገብ፤ ስለዚህ ከምዝገባው ወር ተቈጥሮ ሃያ አምስት ዓመት ከሞላው ሥጋት የለም። ካልሞላው ሻጩ የተሠራበትን ወር ከሻንሲው ቍጥር ተነሥቶ በማስረጃ ማሳየት አለበት።

የሻንሲው ቍጥር ሌላም ነገር ይናገራል። እውነተኛ አር 32 ጂ ቲ አር ቍጥሩ የሚጀምረው ቢ ኤን አር 32 ብሎ ነው፤ አር 33 ቢ ሲ ኤን አር 33፣ አር 34 ቢ ኤን አር 34። ተራውን ባለ ሁለት ጎማ ጎታች ስካይላይን ገዝተው የጂ ቲ አርን ፓራፋንጎና ምልክት ለጥፈው የሚሸጡ አሉ፤ የእነዚህ ቍጥር ኤች ሲ አር 32፣ ኢ ሲ አር 33፣ ኢ አር 34 ብሎ ይጀምራል። በኮፈኑ ሥር በብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቍጥር ፎቶግራፍ ለመላክ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ይህን የሚያመናታ ሻጭ ምን የሚደብቀው ነገር እንዳለ ራሱ ያውቃል።

መኪናው ባሕር ተሻግሮ ባልቲሞር ወይም ሌላ ወደብ ሲደርስ ደግሞ የአሜሪካ ወረቀቶች ይወጡለታል፤ ለመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የሚሞላው ኤች ኤስ 7፣ ለጭሱ 3520-1፣ የጉምሩኩ ማህተም ያለበት 7501። ሦስቱን በሻጩ እጅ ማየት ያስፈልጋል። ከነዚህ አንዱ ከጐደለ መኪናውን በስም ማዛወር ፈተና ይሆናል፤ በተለይ ገዢው ወደ ሌላ ግዛት የሄደ ጊዜ። በካሊፎርንያ ከ1976 ወዲህ የተሠራ መኪና በሃያ አምስቱ ዓመት ብቻ አያመልጥም፤ የጭስ ላቦራቶሪ ምርመራ ይጠበቅበታል፣ ያም ብዙ ገንዘብ ይበላል። በቨርጂኒያ የአሮጌ መኪና ልዩ ታርጋ ማውጣት ይቻላል፤ ግን በዚያ ታርጋ በየቀኑ ሥራ መመላለስ አልተፈቀደም። ይህን ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት የሚናገር ሻጭ፣ ሽያጩ ቢቀርበትም፣ ክብሩን ያውቃል።

ወረቀት ግን ብረት አይደለም። ሻጩ መኪናውን ገዢው ራሱ ወደ መረጠው ጋራዥ እንዲወሰድ ከከለከለ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም። በስካይላይን ላይ መካኒኩ አስቀድሞ የሚያየው የፊት ሾክ አብዞርበር የሚታሰርበትን ሥፍራና ክሪክ የሚቆምበትን የጎን ጠርዝ ነው፤ ዝገት እዚያ ይጀምራል፣ በስቱኮና በቀለም ከተሸፈነም በእጅ ሲዳሰስ ይታወቃል። የማዝዳው አር ኤክስ 7 ሞተር እንደ ሌላው ፒስቶን የለውም፤ ሦስት ማዕዘን ያለው ብረት እየዞረ ነው የሚሠራ። ግፊቱም የሚለካው ለእርሱ በተሠራ መሣሪያ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሮተር ሦስት፣ በጠቅላላው ስድስት ቍጥር ይሰጣል። ሻጩ አንድ ቍጥር ብቻ ይዞ «ለክተነዋል፣ ጥሩ ነው» ካለ ወይ አያውቅም፣ ወይ አውቆ ነው።

ስለ ገንዘቡ አሰጣጥ ጥቂት ልጨምር። አሜሪካ ውስጥ የመኪና ነጋዴ ከግዛቱ ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ በቨርጂኒያ ይህን የሚቈጣጠር የመኪና ነጋዴዎች ቦርድ አለ፤ የነጋዴው ስም በዚያ መኖሩን መጠየቅ ቀላል ነው። ነጋዴው በመኪናው መስኮት ላይ ዋስትና መኖሩን ወይም «እንዳለ» መሸጡን የሚናገር ወረቀት እንዲለጥፍ የፌዴራሉ ደንብ ያስገድደዋል። «እንዳለ» የሚል ከሆነ በቃል የተነገረ ተስፋ ሁሉ ከበር ሲወጡ ያበቃል፤ ስለዚህ ተስፋው በውሉ ላይ ይጻፍ። ከሐራጅ ለማስገዛት የተከፈለ ቀብድ ደግሞ ጨረታው ካልተሳካ በስንት ቀን እንደሚመለስ አስቀድሞ በጽሑፍ መታወቅ አለበት።

የአክስቴ ልጅ ከሁለተኛው ነጋዴ ጋር ነው የተዋዋለው። ባለፈው ሐሙስ ማዕርጉ 4 የሆነ፣ ዘጠና ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደ ነጭ አር 33 ቀርቦ ነበር፤ ከወሰኑት ዋጋ በላይ ሲወጣ ነጋዴው ተወው። ሌላው ቢሆን «ትንሽ ብቻ ጨምር» እያለ ያጣደፈው ነበር። ቀብዱ እንዳለ ነው፤ የሚመጣው ሐሙስ ዝርዝር ዛሬ ማታ ይላክለታል።